እንደ አጠና የተመረጠ በቆሎ

አምሃ ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሲመርጥ የኖረ ሰው ነው። ከየካ ሚካኤል ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ዳር የባሕር ዛፍ አጠና ተደርድሮ የሚታይበት ግቢ የእሱ ነበር። ከሲግናልም ሆነ ከመገናኛ ቤት ሊሠራ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ጋ ነው። አንድ ዓይኑን ይጨፍንና አጠናውን በሌላው ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቶ «ይኼ ይሆንሃል፤ ያኛው ግን ለማገር እንጂ ለሌላ አይበጅህም» ይላል። መለኪያው አንድ ነው፦ ቀጥ ያለና ረጅም የሆነ ጥሩ ነው። በዚህ መለኪያ እንጨት ላይ ተሳስቶ አያውቅም። ያሳሳተው በቆሎ ነው።

ሚስቱንም ያገኛት በእንጨት ነው። የማርያምወርቅ ያኔ ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች አንዷ ነበረች። ጎንበስ ብላ ስታልፍ ፊቷ አይታይም፤ የሚታየው እግሯና ጀርባዋ ላይ የተከመረው ቅጠል ነው። አምሃ በጭራሮ ምን ሥራ አለው? ቢሆንም አንድ ቀን አስቆማትና ሸክሟን ገዛ። አውርዳ ቀና ስትል ፊቷን አየ፤ ነገሩ እዚያው አለቀ። በማግስቱም ገዛ፣ በሳልስቱም። ጓደኞቹ «ቤትህን በጭራሮ ልትሠራ ነው እንዴ?» እያሉ ቢስቁበትም ሸክሟን እንድታወርድ ብቻ መግዛቱን ቀጠለ። በኋላ አገባት፤ ስሟን አሳጥሮ «ወርቄ» ይላት ጀመር፤ እንጨት መሸከምም ቀረ።

መሸከሙ ቀረ እንጂ ጭሱ አልቀረም። ስንት ዓመት ማጀት ውስጥ ያንኑ ባሕር ዛፍ ስታነድ ኖራ ሳል ጀመራት። መጀመሪያ «ብርድ ነው» ተባለ፤ እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው ሕመሙ ሁሉ ብርድ ነውና። ቆይቶ አንድ ሐኪም ሳንባዋን አዳመጠና «እናቴ፣ ከጭስ ካልራቁ መድኃኒቱ ብቻውን አያድንዎትም» አላት። በኤሌክትሪክ ታብስል እንዳይባል፣ በእነሱ ሰፈር መብራት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይላል፣ ሲሄድ አይሰናበትም።

አምሃ በዚያን ጊዜ ንግዱን ትቶ ሦስት የፈረንጅ ላሞች ያረባ ነበር። ሐኪሙ ይህን ባለ በወሩ ጓሮውን አስቆፍሮ የባዮጋዝ ጉድጓድ አሠራ። የላሞቹ እበት በውኃ እየተበጠበጠ ጉድጓድ ይገባል፤ እዚያ ሲብላላ ጋዙ በቱቦ ማጀት ይደርሳል። ሰማያዊው እሳት ለመጀመሪያ ጊዜ ቦግ ሲል የማርያምወርቅ ጭሱን ጠብቃ ፊቷን አዞረች። ጭስ የለም። እንደገና ዞራ አየችው፤ ከዚያም ባሏን አየችው። የዚያን ዕለት ሽሮዋ ላይ ቅቤው በዛ።

ክረምትና መስከረም እንዲህ ደስ ብሎ ያልፋል። ጣጣው በጋ ነው። ከጥር ወዲያ ሣር የለም፤ ላሞቹ ጭድ ብቻ ሲያመነዥኩ ይከሳሉ፣ እበቱ ያንሳል፣ እሳቱም ትር ትር ሲል ቆይቶ ድርግም ይላል። ያኔ የማርያምወርቅ ለማንም ሳትናገር ጓሮ ትዞርና ጭራሮ ታቀጣጥላለች። አምሃ ሲቆጣ «ታዲያ ጥሬ ልብላ?» ትለዋለች።

መላው ገፈራ ነው ተባለ። ገፈራ የላም ስንቅ ነው፤ በቆሎን በእርጥቡ አጭደው፣ ከትፈው፣ ጉድጓድ ውስጥ ረግጠው አየር እንዳይገባው አፍነው ለበጋ ያስቀምጡታል። አምሃ ከቤቱ በስተጀርባ መሬት አለው። የቀረው ዘር መምረጥ ነበር፤ መምረጥ ደግሞ የእሱ ሙያ ነው!

አንድ ዘር ሻጭ በስልኩ ፎቶ አሳየው፦ በቆሎው ከሥሩ የቆመውን ሰው እጥፍ ያህላል። አምሃ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየውና ልቡ ተሰረቀ። ለላሞቹ ድርቆሽ የሚያመጣለት የእንጦጦው ገበሬ ገመዳ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሽ አምሃ፣ ይኼ የቆላ ዘር ነው። እዚህ ብርድ አገር ቁመት ይሰጥዎታል እንጂ ፍሬ አይሰጥዎትም።»

«ፍሬውን ማን ፈለገው? ለላም እኮ ነው።»

«ላሟንም የሚያጠግባት ፍሬው ነው። አገዳ ብቻውን ውኃ ነው።»

ግን አጠና ሻጭን ስለ ቁመት ማን ይመክረዋል? ዘራው። በቆሎውም አላሳፈረውም፤ የቤቱን ክዳን አልፎ ወጣ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሲያደንቅ አምሃ አጥሩ ጋ ወንበር አውጥቶ ይቀመጥ ነበር። ጥቅምት ገባ፤ በቆሎው ገና ጸጉር ሲያወጣ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ግን አመዳይ መታውና ቅጠሉ ሁሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈሰፈሰ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ማለት ይኼኔ ነው። አምሃ በጥድፊያ አሳጭዶ ጉድጓድ ውስጥ ከተተው፤ በጥር ሲከፈት ሽታው ሰፈሩን አስነሣ። ትልቋ ላም ቦቂት አንዴ አሽትታ ፊቷን አዞረች። ሰው ቢሰድበው እንደዚያ አይሰማውም ነበር።

የካቲት ላይ እሳቱ ጠፋ። የማርያምወርቅ ወደ ጭራሮዋ ተመለሰች፤ ሳምንት ሳይሞላት ትንፋሿ ቆራረጠና ሐኪም ቤት ገባች። ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ተደርጎላት ስትተኛ፣ ሲግናል አካባቢ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው ልጃቸው ነፃነት አባቷን ወደ ሐኪም ቤቱ ግቢ ይዛው ወጣች።

«አባዬ፣ ዘንድሮስ እግዜር አተረፈልን። ከርሞ በጋ እሳቱ ከጠፋ ግን እኔ ጋ እወስዳታለሁ።»

«እኔስ?»

«አንተማ ላሞችህን ጥለህ ትመጣለህ? አራተኛ ፎቅ ላይ ላም አናወጣ ነገር።» ቀልድ አስመስላ ጀመረችው፤ ሳትጨርሰው ዓይኗ እንባ ሞላ። «ምን ላድርግ፣ አባዬ? እናቴ ናት።»

አምሃ እንባዋን ጠረገላት። እውነቷን ነው። ወርቄ ድና ቤቷ ስትመለስም ይህን አልነገራትም፤ በሆዱ ያዘው። ጠዋት ጠዋት ወተት ሲያልብ በባዶ ቤት ብቻውን ቁርስ ሲበላ ይታየውና ማለቡን ያቋርጣል።

ሚያዝያ ላይ ሽቅብ ገመዳ ቤት ድረስ ወጣ።

«ገመዳ፣ ያንተን ዘር አሳየኝ። ዘንድሮ አፌን ዘግቼ ነው የምሰማህ።»

ገመዳም አልተኩራራበትም። ዘሩን ከማድጋ አውጥቶ መዳፉ ላይ አደረገለት። «ይኼ የደጋ ነው። ከደረትዎ ብዙም አያልፍም። ግን ብርዱን ያውቀዋል፤ አመዳይ ሳይመጣ ፍሬውን ይይዛል።»

አምሃ ዘራው። በቆሎው ሲያድግ ባየው ቁጥር ዓይኑን ያመዋል፤ አጭር፣ ደንዳና፣ እንደ ጎረምሳ ትከሻውን ያሰፋ ነገር ነው። ጎረቤቶቹ «ጋሽ አምሃ፣ ምነው በቆሎው አጠረ?» ሲሉት «እኔም አጥሬያለሁ» ይላቸዋል። መስከረም ሲያልቅ ግን እያንዳንዱ አገዳ ጎኑ ላይ ወፍራም እሸት ታቅፎ ነበር። ገመዳ መጥቶ አንዱን ፈለፈለና ፍሬውን በጥፍሩ ጫን አለው፤ ወተቱ እንደ አጥሚት ወፍሮ ወጣ።

«ደርሷል። በዚህ ሳምንት ይታጨድ፤ ከነእሸቱ።»

«ከነምኑ?» አለ ከኋላቸው የሴት ድምፅ።

የማርያምወርቅ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች።

«ከነእሸቱ ነው፣ እትዬ» አለ ገመዳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሰው የሚበላውን እሸት ለላም? ጡር አለው! አንተም እሺ ብለህ ነው፣ አምሃ? አገዳውን ይብሉ። እሸቱን እኔ እለቅመዋለሁ።»

«ወርቄ፣ ኃይሉ ያለው እኮ ፍሬው ላይ ነው።»

«ኃይል ካስፈለጋቸው ዶሮ ወጥ ሥራላቸዋ!»

ገመዳ ብልህ ሰው ነው፤ ወዲያው ቤቱ የረሳው ነገር ትዝ አለውና ሄደ።

የማርያምወርቅ እንዲሁ ግትር ሆና አይደለም። ልጅ ሆና ባዶ ሆዷን ሸክሟን ይዛ ስትወርድ የእሸት ጥብስ ሽታ መንገድ ላይ ይቀበላት ነበር፤ ያን ሽታ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። በቆሎ በጓሮዋ ከዘራች ጀምሮ የመጀመሪያውን እሸት ለጎረቤት ሳታድል ያለፈችበት ዓመት ያ አመዳይ የመታው ብቻ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ለምትኖረው ለዘሙሩድ ልጆችማ ዘንድሮ ቃል ገብታላቸዋለች።

አምሃ ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚህ ወዲያ በሆዱ ሊይዘው አልቻለም።

«እሸቱን አንስተን አገዳውን ብቻ ብንከት እንደ አምናው ነው የሚሆነው። የካቲት ላይ እሳቱ ይጠፋል። እሳቱ ከጠፋ ደግሞ ነፃነት ትወስድሻለች። ነግራኛለች።»

«ወዴት ነው የምትወስደኝ?»

«ቤቷ። ለሳንባሽ ብላ ነው፤ እውነቷን ነው።»

«አንተስ?»

«እኔ እዚሁ። ከላሞቹ ጋር።»

የማርያምወርቅ የእርሻው ድንበር ላይ ተቀመጠች። «እኔን ሳትጠይቁ ተከፋፈላችሁኝ?» ብላ ተቆጣች። ቀጥላም «ጨው የት እንዳለ እንኳ የማታውቅ ሰው፣ ብቻህን ምን ልትሆን ነው!» አለችና አለቀሰች። ልቅሶው ሳሏን ቀሰቀሰባት። አምሃ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጀርባዋን እያሻሸ ሳሉ እስኪለቃት ጠበቀ። ድሮ ያ ሁሉ ቅጠል የሚከመርበት ጀርባ አሁን በመዳፉ ሥር አጥንቱ ይቆጠራል።

«ወርቄ፣ የእህሉ ጡር በእኔ ይሁን። እኔ ያላንቺ አልችልም።»

በትዳር ዘመናቸው እንዲህ ብሏት አያውቅም። አጠና የሚሸጥ ሰው አፉ ለቁመትና ለውፍረት እንጂ ለዚህ አልተፈታም። የማርያምወርቅ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ እርሻውን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«ዙሪያውን ለሰው፣ መሃሉን ለላሞቹ» አለች በመጨረሻ። «ከዙሪያው አንድ እሸት ብትነካ ግን አልምርህም።»

«መሃሉስ ጡር የለውም?»

«ዝም በል፤ ማጭዱን አምጣ።» አማተበችና የመሃሉን የመጀመሪያ አገዳ ከነእሸቱ ራሷ አጨደችው።

ቅዳሜ ደቦ ተጠራ። ገመዳ ሁለት ወንድሞቹን ይዞ መጣ፤ ወንዶቹ በገጀራ ከተፉ፣ ሴቶቹና ልጆቹ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ረገጡ። ዘሙሩድ ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ አስራ ከሁሉ በላይ ዘለለች። «እትዬ የማርያምወርቅ፣ ሠርግ ላይ እንኳ እንዲህ ጨፍሬ አላውቅም!» እያለች ሁሉንም አሳቀች። የማርያምወርቅ የዙሪያውን እሸት በሰማያዊው እሳት በትልቅ ድስት ቀቅላ አደለች፤ የተረፈውንም ሰው ሁሉ በፌስታል ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። አመዳዩ ከዚያ በኋላ መጣ፤ እርሻው ላይ ግን የሚመታው አላገኘም።

ጥር ላይ ጉድጓዱ ሲከፈት የጠላ ጥንስስ የመሰለ ጥሩ ሽታ ወጣ። ቦቂት ፊቷን እስከ ዓይኗ ድረስ ቀበረችበት። ላሞቹ ጠገቡ፤ እበቱም በረከተ።

የካቲት ተጋመሰ። አንድ ቀን ጠዋት አምሃ በረቱን እየጠረገ ሳለ ድንገት መጥረጊያውን ይዞ ቆመ። አንድ ነገር ጎድሏል። ላሞቹን አየ፤ ሦስቱም አሉ። ጆሮውን ወደ ቤቱ ጣለ፤ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ለካ ስንት ዓመት ሙሉ ሚስቱ የት እንዳለች የሚያውቀው በሳሏ ነው፤ ማጀት ስትሆን ከማጀት፣ ጓዳ ስትሆን ከጓዳ ይሰማዋል። ዛሬ ከየትም አይሰማም። መጥረጊያውን ጥሎ ሮጠ፤ የበሩ ደፍ አደናቀፈው፤ «ወርቄ! ወርቄ!» እያለ ማጀት ገባ።

የማርያምወርቅ ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ታማስላለች። እሳቱ ከድስቱ ሥር በሰማያዊነቱ ይነድዳል።

«ምን ሆነሃል? ላሟ ወለደች?»

«ሳልሽን... ሳልሽን ስላልሰማሁ ነው።» ትንፋሹን መሰብሰብ አቅቶት የበሩን መቃን ያዘ።

እሷም ፈገግ አለች። «ልሳልልህ እንዴ?»

«አይ» አለ፣ እዚያው በሩ ላይ ቁጭ እያለ። «አይ፣ ወርቄ። ዝም በይልኝ።»

እሷ ግን ዝም አላለችም። የዘሙሩድ ትልቋ ልጅ ልትዳር ነውና የሽማግሌዎቹን አመጣጥ፣ የአባትየውን ኩራት፣ የተቆረጠውን ቀን፣ ሁሉንም ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሳል ሳያቋርጣት ነገረችው።