አባታችን ለጥናቱ የሰጠው መልስ

ታላቅ እህቴን ቤት ውስጥ «ዳኛዬ» እንላታለን። ገና ልጅ ሆና ሁለት ሰው ሲጣላ መሀል ገብታ «እስቲ መጀመሪያ አንተ ተናገር» ማለት ትወድ ነበር። ስታድግ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ተቀጠረች። ድርጅቱ ከገበያው ጀርባ የአረጋውያን መዋያ ነበረው፤ አንድ ሰፊ ክፍል፣ የሚንገዳገዱ ወንበሮች፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት። የድርጅቱ መኪና ሽማግሌዎቹን ጠዋት ከየቤታቸው ሰብስቦ ማታ ይመልሳቸዋል። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር አባታችን፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ ካፖርቱን ለብሶ የሚወጣው ወደዚያ ብቻ ነበር።

እዚያ ከአንድ ሽማግሌ አናጢ ጋር በቆርኪ ዳማ ይጫወታል።

«ይህችን ከበላህ መንጃ ፈቃዴን ውሰዳት» ይላል አባታችን።

«ምን ላደርጋት? አንተም እኮ ስትነዳ የኖርከው በተሳፋሪ ጸሎት ነው።»

እህቴ ቅዳሜና እሁድ የሕዝብ ፖሊሲና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አስተዳደር ትማር ጀመር፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን። ለመመረቂያ ጽሑፏ የመረጠችው የራሷን መሥሪያ ቤት ነው። ጥያቄዋ ቀላል ነበር፦ አረጋውያኑ አጥብቀው የሚፈልጉት ምንድን ነው? የገዛ አባቷን ራሷ መጠየቅ ስለማይገባት የክፍል ጓደኛዋን ላከችበት።

ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ፤ መድኃኒት፣ ግፊት የሚለካ፣ ቤት ድረስ የሚመጣ ነርስ። ክፍሉን ስሙን እንኳ ያነሳ የለም። እህቴ ያገኘችውን ጻፈች። መዋያው ቀርቶ ነርሶች ቤት ለቤት ቢዞሩ ከአልጋ መነሳት ላቃታቸውም ይደረስላቸዋል አለች፤ ይህም እውነት ነበር። ጽሑፏን ስታቀርብ የድርጅቱ ሰብሳቢ ከኋላ ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር። መምህራኑ አጨበጨቡ፤ ሰብሳቢዋ ጽሑፉን ይዛ ሄደች። ከምረቃው ብዙም ሳይቆይ መዋያው ተዘጋ።

አሁን መኪናው ነርሶቹን ነው የሚያዞረው። የኛዋ ነርስ ደግ ናት፤ ግን ትቸኩላለች። «ግፊትዎ የጎረምሳ ነው አባባ» ትለውና ትወጣለች። አናጢው ከከተማው ማዶ ልጁ ዘንድ ነው፤ ጉልበቱ ደረጃ አያስወርደውም።

አባታችን ግን ጠዋት ጠዋት ካፖርቱን መልበሱን አልተወም። ለብሶ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። አንድ ቀን እህቴ ለሥራ ልትወጣ ስትል ያዛት።

«ዳኛዬ፣ አንቺ የተማርሽው ይህንኑ አይደል? እስቲ ሄደሽ ተከራከሪልን። ይክፈቱልን።»

እህቴ ጫማዋን እያሰረች ነበር። እጇ ማሰሪያው ላይ ቀረ።

«አባዬ፣ ያስዘጋሁት እኔ ነኝ። በኔ ጥናት ነው። ክፍሉን እፈልገዋለሁ ያለ አንድ ሰው የለም። አንተም አላልክም።»

አባታችን መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ምን ልበላት ታዲያ የላክሻትን ልጅ? በዚህ ሽበቴ የቸገረኝ ጨዋታ ነው ልበላት? መምህሮችሽ ቢስቁብሽስ? የልጄ ትምህርት ቁም ነገር ይሁንላት ብዬ መድኃኒት አልኩ። አናጢውንም ሌሎቹንም እንደዚያ በሉ አልኳቸው። ተመካክረን ነው።»

እህቴ ፊቷን ሸፈነች።

«ለመሆኑ ስንተኛ ወጣሽ?» አላት።

«አንደኛ።»

«እሰይ» አለ። ከልቡ ነበር።

ከዚያ ተነሳና ካፖርቱን አወለቀ። ትከሻውን አራግፎ ከበሩ ጀርባ፣ ከእናታችን ሻርፕ አጠገብ ሰቀለው።

እህቴ በዚያው ሳምንት ክፍሉ እንዲከፈት ጠይቃ ነበር። ሰብሳቢዋ የእህቴን የራሷን ጽሑፍ ጠቅሳ መለሰችላት፤ ክፍሉም መጋዘን ሆኗል አለቻት። አባታችን ዛሬ በፒጃማ ይውላል። ግፊቱ አሁንም ደህና ነው። እህቴ ጠዋት በሩን ስትከፍት ካፖርቱ ይወዛወዛል፤ እስኪረጋ ድረስ በእጇ ትይዘውና ቀስ ብላ ትወጣለች።