ሰላም የመካነ ሰላም ልጅ ናት!

ኧረ ተወኝ ሰይዶ! ልጅ እናቷን በዕድሜ ትበልጣለች እንዴ?

ዛሬ ሰይድ ጸጉር ቤት ቁጭ ብዬ ተራ ጠባቂዎቹን ስለ ጥንት ሰው ቅሪተ አካል አስተማርኳቸው። «ድንቅነሽ እናት፣ ሰላም ልጇ፤ አገሯም እዚሁ መካነ ሰላም፣ ስሙ ራሱ ይናገራል! ከተሳሳትኩ ይሄን አፍሮዬን ላጨው፣ ወላሂ!» አልኩት ሰይድን።

ተራ የሚጠብቁ አንድ መምህር በሳቅ ሞቱ። «አንተ፣ ሁለቱም አንድ ዝርያ ናቸው፤ ግን ሕፃኗ ሰላም ከድንቅነሽ በፊት ነው የኖረችው። የተገኙትም አፋር ነው። አርዲ የምትባለዋ ቅሪተ አካል ደግሞ ሁለቱንም ትቀድማለች፤ ዛፍ ሁሉ ትወጣ ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ!

ግን እኔ እጅ እሰጣለሁ? «ጋሼ፣ አፋር ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ ቢሆንስ?» አልኳቸው።

እንደኔ ስም የሸወደው ካለ ያውራ። የመካነ ሰላም ልጆች፣ ሰላም የእኛ ናት አይደለችም? ሰይድ ማሽኑን አስነስቶ አናቴ ላይ ቆሟል፤ ቶሎ መልሱ!