በአንድ ጆሮ የተንጠለጠለ ማስክ

መጀመሪያ ያየሁት ማስኩን ነው። ከግራ ጆሯቸው ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ፣ አንገታቸውን ባዞሩ ቁጥር ማጠፊያው እንደላላ መስኮት ይወዛወዛል። እኔ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ነበር ፀጉር ቤቱ የገባሁት። ፀጉር አስተካካዩ ፊቴን አየት አደረጉና ያንን የተንጠለጠለ ጨርቅ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ጆሯቸው ወስደው ሰኩት። ተቆርጬ ስወጣ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ፊቱን ሳይሸፍን ገባ። ዞር ብዬ በመስታወቱ ባይ፣ ማስኩ ተመልሶ በአንድ ጆሮ ተንጠልጥሏል። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አንድ ቁራጭ ጨርቅ ይህን ያህል ይሉኝታ ሊኖረው እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ሰፈሩ «ጋሽ ልክ ነው» ብሎ ነው የሚጠራቸው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ የለም፤ እናታቸው ራሳቸው ቢመጡም በዚሁ ሳይጠሯቸው አይቀሩም። ደንበኛ ስለ ኳስ ቢያወራ፣ ስለ አማቱ ቢያማ፣ ዝናብ ይመጣል ቢል፣ አይመጣም ቢል፣ መልሱ አንድ ነው፦ «ልክ ነው።»

«ጉሮሮው ላይ ምላጭ ካሳረፍክበት ሰው ጋር ክርክር አይገጠምም» አሉኝ በሌላ ቀን። «ከተናደደ ይንቀሳቀሳል። ከተንቀሳቀሰ ይቆረጣል። ከተቆረጠ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይኸው በዚህ ሁሉ ዘመን ማንንም አድምቼ አላውቅም።»

ወረርሽኙ መጥቶ ፀጉር ቤት ውስጥ ከአንድ ደንበኛ በላይ እንዳይገባ ሲከለከል፣ ያላማረረ ነጋዴ አልነበረም። ጋሽ ልክ ነው ግን ፊታቸው ፈካ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ሰው ብቻ ከገባ፣ የሚስማሙት ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው።

ጠዋት ጡረተኛው መምህር ይመጣሉ። ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ ይጀምራሉ። «የማይከተብ ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? እርስዎማ አስተዋይ ነዎት፤ ቀድመው ነው የተከተቡት።»

«ልክ ነው፣ መምህር።»

መምህሩ ወጥተው ባለታክሲው ይገባል። «ጋሼ፣ የጎረቤቴ አጎት ከተከተበ ወዲህ ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር ጥርሱን ያሳክከዋል አሉ። ሰው ሁሉ ጉድ ሆነ! ከዚህ ሰፈር እንደተፈጠርን የቀረነው እኔና እርስዎ ብቻ ነን።»

«ልክ ነው፣ ወንድሜ።»

ሁለቱም የጋሽ ልክ ነውን ስም ለየራሳቸው ምስክር አድርገው በሰፈሩ ያዞሩት ነበር።

ከዚያ የጋሽ ልክ ነው የልጅ ልጅ ተወለደች። ቀኗ ሳይደርስ የመጣች ደቃቃ ስለነበረች ሐኪሙ ጥብቅ ትእዛዝ ሰጠ። «አባዬ፣ ያልተከተበ ሰው አይታቀፋትም» አለች ልጃቸው። «አንተም ብትሆን።»

«ልክ ነው፣ ልጄ» አሉና ወጥተው በመስኮት አዩዋት።

ከዚያ በኋላ ሥራ በማይገቡበት ቀን ሁሉ እዚያ መስኮት ሥር ይቆማሉ። ልጃቸው ሕፃኗን ከፍ አድርጋ ታሳያቸዋለች። ትንፋሻቸው መስታወቱን ጉም ያለብሰዋል፤ በእጅጌያቸው ይጠርጉታል፤ መልሶ ጉም ይለብሳል።

«ክብደቷን በቁጥር ነግረውኛል» አሉኝ ፀጉሬን እያበጠሩ። «እኔ ምኑን አውቄው! ክብደት በክንድ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አይከተቡም፣ ጋሼ?»

ማበጠሪያው አናቴ ላይ ቆመ። «መምህሩ ሲያወሩ አሁኑኑ ልሂድ እላለሁ። ባለታክሲው ሲያወራ እግሬ ይተሳሰራል። ደግሞ ብሄድ ያየኛል፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ይገባል። ከሁሉም ጋር ስስማማ ስስማማ የራሴን ሐሳብ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ።»

የጠፋቸውን ሐሳብ ያገኙት የቧንቧ ሠራተኛ ረድቷቸው ነው። አንድ ቀን መስኮቱ ሥር ቆመው ወደ ውስጥ ሲያዩ፣ ቧንቧ ሊጠግን የመጣ የማያውቁት ጎረምሳ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ አፉን በማስክ ሸፍኖ፣ የልጅ ልጃቸውን ታቅፏል። ሕፃኗ ደግሞ ትስቅለታለች።

«እሱ ተከትቧላ፣ አባዬ!» አለች ልጃቸው በመስታወቱ በኩል እየጮኸች። «እኔ ጡጦዋን እስካሞቅ ነው!»

«የቧንቧ ሠራተኛ!» ይሉ ነበር ጋሽ ልክ ነው ሲነግሩኝ። «እኔ አያቷ ውጭ ቆሜ፣ የቧንቧ ሠራተኛ!»

በማግስቱ ማለዳ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ጎትተው ጤና ጣቢያ ተሰለፉ። ነርሷ መርፌውን አዘጋጅታ፣ «በየትኛው ክንድ ይሁን?» አለቻቸው።

«አንቺ በየትኛው ትያለሽ?»

«ወደ እኔ ያለው ቀኙ ነው። ሥራ አያስቸግርዎትም አይደል?»

«ልክ ነው» አሉ፣ ከሐሳባቸው ቀድሞ ወጥቶ። መቀስና ምላጭ የሚይዙት በቀኝ እንደሆነ ትዝ ያላቸው መርፌው ከገባ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ቀን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ መጡ። የጋሽ ልክ ነው ቀኝ ክንድ እንደ ደረቅ ግንድ ሆኖ አደረ። ፀጉር ቤት ደግሞ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሁለት ሁለት ደንበኛ እንዲያስገባ ተፈቀደለት። እኔ ሦስተኛ ስለነበርኩ በሩ ላይ ቆምኩ። ወንበሩ ላይ ባለታክሲው ነው፤ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኗል። ኋላ አግዳሚው ላይ መምህሩ ጋዜጣቸውን ዘርግተዋል። ጋሽ ልክ ነው ሁለቱን በአንድ መስታወት ውስጥ አዩና ምላጩን አነሱ።

አንደኛውን ጉንጭ ላጩ። ወደ ሌላኛው ሲሻገሩ ክንዳቸው አልነሳ አለ። በግራ እጃቸው የቀኙን ክርን ደግፈው ሞከሩ። ምላጩ አየር ላይ ቀረ።

«ምን ሆኑ፣ ጋሼ?» አለ ባለታክሲው አንድ ዓይኑን ከፍቶ።

መምህሩ ከጋዜጣው በላይ ብቅ አሉ። «የክትባት ክንድ ነዋ! እኔም በሁለተኛው ጊዜ እንዲሁ ሆኜ ነበር። ሁለተኛዎ ነው አይደል?»

«የምን ክትባት?» ባለታክሲው ዞረ። «እሳቸው አልተከተቡም! በዚህ ወንበር ላይ ስንቴ ልክ ነው ብለውኛል!»

«እኔንስ በዚሁ ወንበር ላይ ልክ ነው ሲሉኝ?»

ሁለቱም በመስታወቱ ውስጥ ጋሽ ልክ ነው ላይ አፈጠጡባቸው። ማስኩ ግራ ጆሯቸው ላይ ይወዛወዛል። ሰውዬው ምላጩን አጣጥፈው መሳቢያው ውስጥ አስቀመጡ። ጉሮሮ ላይ ምላጭ ሳይኖር ነው ሊናገሩ የፈለጉት።

«ልክ አይደላችሁም» አሉ። ቃሉ ለአፋቸው አዲስ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም፣ ድምፃቸው ተሰበረ። «ሁለታችሁም። መምህር፣ እርስዎ ተከትበዋል ሲሉኝ አልተከተብኩም ነበር። አንተም፣ ወንድሜ፣ አልተከተቡም ስትለኝ ልቤ ጤና ጣቢያ ነበር። የተከተብኩት ትናንት ነው። የልጅ ልጄን ልታቀፍ ነው። ከዚህ በኋላ ሌላ ፀጉር ቤት ብትሄዱ አልቀየማችሁም።»

መምህሩ ጋዜጣቸውን አንስተው ፊታቸውን ሸፈኑ። ባለታክሲው ግን ተነሳ። «እኔን! እኔን ጉድ ሠሩኝ!» እያለ፣ አንገቱ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ፈትቶ፣ በዚያው የቀረውን አረፋ ጠርጎ ወደ በሩ ተንደረደረ። በሩ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ከመንገዱ ማዶ ባልደረቦቹ መኪኖቻቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ግማሽ ፊቱ እንደ እንቁላል ተላጭቷል፤ ግማሹ ፂም ነው።

ከዚያ ወደ አግዳሚው ተመለሰና ቀስ ብሎ፣ «መምህር… ትርፍ ማስክ አይጠፋዎትም መቼም?» አላቸው።

መምህሩ ከኮታቸው ኪስ አዲስ ማስክ አወጡ፤ ሳይቸኩሉ፣ እያጣጣሙት። «በሁለቱም ጆሮ ነው የሚታሰረው» አሉት።

«ለፂሜ ነው! ለፂሜ!»

ከማዶ ሆ! የሚል ሳቅ ተሰማ። «አንተም ማስክ ውስጥ ገባህ?» ጮኹ ባልደረቦቹ።

የጋሽ ልክ ነው ክንድ እስኪላቀቅ ድረስ ባለታክሲው ማስኩን ሳያወልቅ ታክሲውን ነዳ። ሲላቀቅ የቀረውን ጉንጩን ይዞ መጣ። እኔ በዚያ ቀን አግዳሚው ላይ ነበርኩ። ኩርፊያው ገና ስላልለቀቀው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ተነስቶ በሩ ጋ ሲደርስ ግን፣ ጀርባውን እንደሰጠ፣ «ሲታቀፏት አንገቷን ይደግፉ» አለ። «የኔ የመጀመሪያዋ በጣም ትንሽ ነበረች። አንገታቸው አይጸናም።»

«ልክ ነው» አሉ ጋሽ ልክ ነው። ይቺኛዋ ከልብ ነበረች።

ሐኪሙ የፈቀደ ዕለት ሱቃቸውን በጊዜ ዘጉ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ጥፍራቸውን ከሥሩ ከርክመዋል፤ አዲስ ማስክ ሁለቱም ጆሯቸው ላይ ተሰክቷል። እስከ መታጠፊያው አብሬያቸው ሄድኩ።

«ስታየኝ ታለቅስ ይሆን?» አሉኝ።

«አታለቅስም፣ ጋሼ። ለቧንቧ ሠራተኛው እንኳን ስቃለች።»

ቆም ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ልክ አይደለህም» አሉ፤ ዓይናቸው ብቻ ሳቀ። «ታለቅሳለች። ታልቅስ! ክንዴ ላይ ሆና ታልቅስ።»

ወደ ልጃቸው ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዙ። ከኋላ ሳያቸው የግራ ክንዳቸው ከወዲሁ ታጥፏል፤ ቀኝ መዳፋቸውም የማትታይ ትንሽ አንገት እየደገፈ ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣ ሰው ሰላም ቢላቸው እጃቸውን ሳያነሱ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁለትና፣ እንዳትነቃባቸው የፈሩ ይመስል ቀስ እያሉ ሄዱ።