ቀን የሚዘጋ፣ ማታ የሚከፈት አልጋ

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ አራት ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እስካሁን «አልጋ አለን» የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው። አንዲት ቃል ሰውን ከሰው እንዴት እንደምታጣላ ያየሁት ያኔ ነው፤ ለዚህም ነው የማልረሳው።

ያኔ ጂንካ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነበር የምሠራው። የምኖረው እትዬ አስናቀች የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነበር። ክፍሏ ጠባብ ናት። አልጋዬና ጠረጴዛዬ ከገቡ በኋላ በሩ እስከ ግማሽ ብቻ ስለሚከፈት በጎኔ እየተሽሎከሎክሁ ነበር የምገባው። ለብቻዬ ግን ትበቃኝ ነበር።

ነገሩ የተቀየረው እናቴ እግሯን ስትታመም ነው። እናቴ ከጂንካ ወጣ ብሎ ካኮ ነው የምትኖረው። እግሯ ላይ የወጣው ቁስል አልድን አለና ሆስፒታል አጠገብ ሆና በየጊዜው እንዲታጠብላት ታዘዘ። ችላ ከተባለ እግሯን እስከ ማጣት ልትደርስ እንደምትችል ሐኪሙ በግልጽ ነግሮኛል። ስለዚህ እኔ ዘንድ መቀመጥ አለባት። ሌላ ዘመድ ከተማ ውስጥ የለንም።

ሁለተኛ አልጋ ግን የት ይገባል? መሬት ላይ እንዳላስተኛት ቁስል ነው፣ ክረምት ነው። አንድ ቀን ስልኬ ላይ ግድግዳ ላይ ታጥፎ የሚቆም አልጋ አየሁ። ቀን ሲቆም ቁም ሣጥን ይመስላል፤ ሲወርድ አልጋ ነው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍም አልወሰደኝ። ዕቃዬን ደጅ አወጣሁና ወለሉ ላይ በጠመኔ ማስመር ጀመርኩ። አልጋዋ እዚህ ትወርዳለች፣ የእኔ እዚያ፤ በመሐል እናቴ እግሯን ሳታጋጭ የምታልፍበት ይቀራል። ጠረጴዛውም ከግድግዳ ይታጠፋል። ከመስኮቱ ሥር ክዳኑ የሚነሣ አግዳሚ ይሠራና ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ፣ የማሽላው ዱቄት ሁሉ እሱ ሆድ ውስጥ ይገባል።

እትዬ አስናቀች ደጅ ያለውን ዕቃ አይተው መጡ። መስመሮቹን ዝቅ ብለው ተመለከቱ።

«ክፍሉን ልትከፋፍይው ነው እንዴ?» አሉ።

«የለም፣ አልጋ ላሠራ ነው» አልኳቸው።

ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያኔ ያልኩት ነገር ምንም ክፋት ያለበት አልመሰለኝም።

አናጢው ማቴዎስ ይባላል። እሱም እንደ እኔ የአሪ ልጅ ስለሆነ በአሪኛ ነው የምናወራው። እጁ ጥሩ ነው፣ አፉ ግን አያርፍም። የዋንዛ ጣውላውን ደጅ ላይ ሲልግ እትዬ አስናቀች በዚያ ባለፉ ቁጥር ሥራውን ያቆምና ያስረዳቸዋል። አንድ ጠዋት ለሥራ ስወጣ የሰማሁት ይኼን ነው።

«አልጋው እኮ፣ እትዬ፣ ቀን ይዘጋል፣ ማታ ይከፈታል። ማንም አያውቅም። ሰው ቢመጣ ግድግዳ ነው የሚለው።»

እሳቸው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። እኔ መሳቃቸው መስሎኝ እየሳቅሁ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ግቢው ሌላ ግቢ ሆነብኝ። በቀን ክፍት የነበረው የውጭ በር መቀርቀር ጀመረ። ወንድ የሥራ ባልደረባዬ የቢሮ ቁልፍ ሊያቀብለኝ ቢመጣ እትዬ አስናቀች በሩ ላይ ቆመው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደላከው፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠየቁት። ሁለተኛ ፍራሽ አስጭኜ ስገባ ከመስኮት ወደ መስኮት እየተዛወሩ ሲያዩኝ አየኋቸው። «እንደምን ዋልሽ ልጄ» ይሉኝ የነበሩት ሴት ሰላምታዬን በግንባራቸው ብቻ መመለስ ጀመሩ።

እኔም ቂል አይደለሁም። ሰው ሰላምታ የሚቀንሰው በምክንያት ነው ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ያሠራሁት ዕቃ ተንቀሳቃሽ አይደለም፤ ግድግዳው ላይ በፊሸርና በብሎን የታሰረ ነው። ብለቅ ይዤው አልሄድም። እኚህ ሴት እስኪያልቅ ጠብቀው ሊያስወጡኝ ነው አልኩ። አንዴ ይህ ሐሳብ ከገባብኝ በኋላ የማየው ሁሉ እሱን የሚያረጋግጥ ሆነ። ማታ ስገባ የእንጨት ብናኙ ላይ የሰው ጫማ ዱካ አየሁ። የእኔም የማቴዎስም አይደለም፤ የቤት ነጠላ ጫማ ነው። ትርፍ ቁልፍ ያለው ደግሞ እሳቸው ዘንድ ብቻ ነው።

ለምሳ ወደ ቤት የማልመጣው ሰው አንድ ቀን ሆን ብዬ መጣሁ። በሬ ተከፍቷል። እትዬ አስናቀችና ቀበሌ የሚሠራው የእህታቸው ልጅ ውስጥ ቆመዋል። እሱ አልጋውን ከመቀርቀሪያው አላቆ አውርዶታል።

«ስንት ሰው ይይዛል?» ሲሉት ሰማሁ።

«እንደ አያያዙ ነው» አለ እሱ።

እኔን ሲያዩ ደነገጡ። «ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ ልናይ ነው» አሉና ወጡ። አልጋውን መልሼ ቀረቀርኩት። ስንት ሰው እንደሚይዝ የሚጠይቅ ባለቤት ሌላ ተከራይ ያዘጋጀ ባለቤት ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

በማግስቱ ጠርተው ቁርጡን ነገሩኝ። «ክፍሉን ለዘመድ እፈልገዋለሁ። ሌላ ቤት ፈልጊ።»

በኪራይ ቤት የኖረ ሰው ይህችን «ዘመድ» ያውቃታል። መጥታ የማታውቅ ዘመድ ናት። እናቴ ልትመጣ ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ የአልጋው ቀለም ሳይደርቅ! የተናደድኩት ንዴት እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። እናቴ ልትታከም እየመጣች መሆኑን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዋጥኩት። እንዲህ ላለች ሴት የእናቴን ሕመም አላወራም አልኩ።

እናቴ የመጣችው ሐሙስ ዕለት ነው። ወንድሜ ካኮ ላይ ሚኒባስ ውስጥ አስገብቷት ደወለልኝ። መናኸሪያ ሄጄ ልቀበላት ነበር፤ መኪናው ከጠበቅሁት በላይ ፈጥኖ ደረሰና እሷም ባጃጅ ይዛ ቀደመችኝ። የግቢውን ስም ለወንድሜ አስጠንቼው ስለነበር ባጃጁ በር ድረስ ወሰዳት። እኔ መናኸሪያ ስደርስ የለችም። ያኔ ስልክ አልነበራትም። እየሮጥኩ ቤት መጣሁ፤ እዚያም የለችም።

እትዬ አስናቀች ደጃፋቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ነው።

«እትዬ፣ አንዲት ሴት መጥታ ነበር?»

ሰፌዱን አስቀመጡ። «መጥታለች። መለስኳት። አሁንስ በዛ ልጄ፤ ጭራሽ ስምም አውጥተሽለታል?»

«የምን ስም?»

«ዶርቃ አልጋ! ምስኪን በሽተኛ ሴትዮ በሬ ላይ ቆማ ‹የዶርቃ አልጋ እዚህ ነው?› አለችኝ። እዚህ አልጋ አይከራይም፣ ይህ የጨዋ ቤት ነው ብዬ መናኸሪያ ያሉት አልጋ ቤቶች ጋ እንዲያደርሳት ለባጃጁ ነገርኩት።»

የትምህርት ቤትም የመሥሪያ ቤትም ስሜ ዓለሚቱ ነው፤ እትዬ አስናቀችም የሚያውቁት እሱን ነው። ዶርቃ ያለችኝ እናቴ ናት። በቤተ ክርስቲያን የወጣልኝ ስም ነው፤ ካኮ ውስጥ ሌላ ስም የለኝም። አማርኛዋ ደግሞ የገበያ አማርኛ ነው። በወንድሜ ስልክ «አልጋ ሠርቼልሻለሁ» ብያታለሁ። እሷም ያንኑ ነው የጠየቀችው።

«ዶርቃ እኔ ነኝ» አልኩ። «ሴትዮዋ እናቴ ናት። እግሯ ታሞ ልትታከም ነው የመጣችው። አልጋውን ያሠራሁት ለሷ ነው።»

እትዬ አስናቀች አላለቀሱም፣ ይቅርታም አላሉም። ምስሩን እንደተበተነ ትተው ነጠላቸውን አጣፉና «ተነሽ» አሉኝ። ባጃጅ ያስቆሙትም እሳቸው ናቸው። መንገድ ላይ «ያ አናጢ ማታ ይከፈታል አለኝ፣ ሰው አያውቅም አለኝ፤ ምን ልበል ታዲያ?» እያሉ ለባጃጁ ነጂ ይሁን ለእኔ ሳይለይ ያወሩ ነበር። ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ። የከተማ ሰው «አልጋ ከፈተች» ሲል ለወንድና ለሴት በየማታው መኝታ ታከራያለች ማለቱ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፤ በራሴ ላይ ይባላል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ሁለት አልጋ ቤት ገብተን አጣናት። ሦስተኛው ላይ በእንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የታመመ እግሯን የልብስ ጥቅልሏ ላይ ሰቅላለች። ፋሻው ረጥቧል። ልጠመጠምባት ስል በእጇ ገታችኝ። ወደ ኮሪደሩ አየች፣ የሚገቡና የሚወጡ ወንዶችን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። በቋንቋችን ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ሥራሽ ይኼ ነበር?»

ያን ሁሉ ሰዓት የልጇ ቤት ውስጥ የተቀመጠች መስሏት ነበር። ባጃጁ «አልጋው ይኸው» ብሎ ሲያወርዳት፣ አልጋ ያላት ልጇ ዶርቃ የቤቱ ባለቤት መስላታለች። በሕይወቴ እንደዚያች ጥያቄ የወጋኝ ነገር የለም።

እትዬ አስናቀች «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እርስዎ ያሉትን ነው ያለችው» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የእናቴን ጥቅልል አነሡ።

ቤት ስንደርስ አልጋውን አወረድኩ። እናቴ ግን አልጠጋም አለች። «ከግድግዳ የወጣ ነገር ተመልሶ ግድግዳ እንደማይገባ ማን ያውቃል? እኔ ተኝቼበት ቢዘጋብኝስ?» አለችኝ። ማጠፊያውን አሳየኋት፣ መቀርቀሪያውን አሳየኋት። አላመነችም። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን እኔን የምታምንበት ምክንያት አልነበራትም።

ይህን ጊዜ እትዬ አስናቀች ጫማቸውን አወለቁ። ግዙፍ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው አልጋው ላይ ወጡና በጀርባቸው ተዘረጉ። እንጨቱ አንዴ ጮኸ፤ ሁላችንም ጠበቅን። አልጋው ቻላቸው። ጣሪያውን እያዩ «ያው ይዞኛል፤ ይምጡ» አሉ በአማርኛ። እናቴ ቃሉን ትረዳው አትረዳው እንጃ፤ አስቀድማ የሳቀችው ግን እሷ ናት። ስቃ ስቃ ዓይኗን ከጠረገች በኋላ ከእሳቸው ጎን ተቀመጠች።

የእናቴ እግር ዳነ። ክረምቱን ሙሉ እዚያ አልጋ ላይ ከረመች። ያች «ዘመድ»ም አልመጣችም። ኋላ ሥራዬ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ክፍሉን ለቀቅሁ፤ አልጋውም፣ ጠረጴዛውም፣ አግዳሚውም እንደፈራሁት ግድግዳው ላይ ቀሩ። አልከፋኝም።

ባለፈው ጂንካ ስሄድ እትዬ አስናቀችን ልጠይቃቸው ገባሁ። ለአንዲት አዲስ ተከራይ ክፍሉን እያሳዩ አገኘኋቸው። አግዳሚውን ከፈቱላት፣ ጠረጴዛውን ዘረጉላት። መጨረሻ መቀርቀሪያውን አላቀው አወረዱና «ይኸ ደግሞ መኝታሽ ነው» አሏት።

ልጅቱ ተገርማ «አልጋ ነው?» አለች።

«መኝታ ነው» አሉ እትዬ አስናቀች ኮስተር ብለው። «በዚህ ግቢ ያንን ቃል አንጠራም።»

አሁን ሳስበው ይቅር ብያቸዋለሁ፤ እናቴም ከእኔ በፊት ይቅር ብላቸዋለች። ያችን በቋንቋችን የተጠየቅኋትን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። እናቴ በደወለች ቁጥር ሥራዬ ምን እንደሆነ፣ የት እንደምውል፣ ከማን ጋር እንደምበላ፣ ሳትጠይቀኝ ሁሉንም እነግራታለሁ።