አንድ ለጥንቃቄ

ሸዋ ሮቢት ተወልዶ ዕድሜው ሠላሳን የዘለለ ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ቀን ፎቶ አንሺው ጋሼ ፊት ቆሞ «አትነቃነቅ!» ተብሏል። እኔም ተብያለሁ። ለፈተና መታወቂያ ብዬ አኩርፌ የተነሳሁት ጉርድ ፎቶ የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። ጋሼ ማንንም አንድ ጊዜ ብቻ አንስተው አያውቁም። ያነሳሉ፣ ፊልሙን ያዞራሉ፣ ከዚያ «አንድ ለጥንቃቄ» ብለው ይደግማሉ። የእኛ አገር ፀሐይ ዓይን ያስጨፍናላ! አንደኛው ቢበላሽ ሁለተኛው ይተርፋል። እኛ ልጆቹማ ቃሉን ወርሰን፣ ጠጠር ስንወረውር ስተን መድገም ሲያምረን «አንድ ለጥንቃቄ!» እንል ነበር።

ዛሬ ስቱዲዮው ተዘግቷል። ስልክ ሁሉን ሰው ፎቶ አንሺ አደረገው፤ የጋሼን ዓይን ደግሞ በሽታ ያዘው። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ ብሏቸዋል። የቀረው ትንሽ ነው። ሰው ሲመጣ ጥላውን ያያሉ፤ ማንነቱን የሚለዩት ግን በድምፁ ነው።

እኔ የደሴ መንገድ ዳር፣ ቬንትሌተር ካልዞረ በማይቀመጡባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ይዤ የምተዳደር ሴት ነኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ የሁለት ሆቴሎችን ድረ ገጽ አስተዳድራለሁ። ስቱዲዮው የተዘጋ ሰሞን መስታወቱ ውስጥ የተደረደሩትን ፎቶዎች ሳይ አንጀቴ አልችል አለ። ሙሽሮች፣ ሾፌሮች፣ የማሾ እህላቸውን ሸጠው ሲመለሱ አህያቸውን ደጅ አስረው የተነሱ የዙሪያችን የቀወት ገበሬዎች። ይሄ ሁሉ ሰው የትም ወድቆ ሊቀር ነው? ብዬ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ከዚያ አንድ በአንድ ስካን አድርጌ ድረ ገጽ ሠራሁላቸው።

ጋሼ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚስታቸው ፎቶ ከሌላው ጋር እንዲገባ።

«ለብቻዋ እንዳታስቀምጫት፤» አሉኝ። «ከሰው መሀል አድርጊያት። አላህ ይርሐማት፣ ብቻዋን ምሳ እንኳ አይወርድላትም ነበር።»

ሚስታቸውን ያነሱት በዕድሜያቸው ሙሉ አንድ ቀን ነው። የአገሩን ሰው ሁሉ ሲያነሱ የኖሩት ሰውዬ የራሳቸውን ቤት «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ሲሉ ከረሙ። ያቺው አንዷ ፎቶ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅላ ነበር። ስካን አድርጌ በመለስኳት ማግስት በሚባል ጊዜ ምስጥ ከጀርባ ገብቶ በላት። ፎቶዋ የወጣችበትን ፊልም፣ ነጋቲቩን ደግሞ ከጥቅሉ ቆርጠው ለዓመታት በደረት ኪሳቸው ይዘውት ሲዞሩ ላብ አጥቦታል። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ይህን ሲነግሩኝ እኔ ደረቴን ነፋሁ።

«አይስጉ ጋሼ! ኢንተርኔት ላይ ያለን ነገር ምስጥ አይበላውም።»

መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሬ የተቃጠለ ጊዜ እንኳ አልደነገጥኩም። ስካን ያደረግኩት ሁሉ ድረ ገጹ ላይ አለ፣ ምን ቸገረኝ ብዬ ሌላ ገዛሁ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ በባጃጅ እየመጡ ቬንትሌተሩ ሥር መቀመጥ ለመዱ። እኔ ፎቶዋን ከፍቼ አጎላታለሁ፤ አንድ ዓይኗ ብቻ የኮምፒውተሩን መስታወት እስኪሞላ ድረስ። ጋሼ አፍንጫቸውን ያስጠጋሉ። «ወደ ግራ ውሰጂኝ፤» ይላሉ፣ እወስዳቸዋለሁ። ቅንድቧን ያገኛሉ። «ወደ ታች።» ጉንጯን፣ ከዚያ አገጯ ላይ ያለችውን ጠባሳ። «ይቺን እኮ የማንጎ ዛፍ ላይ ወጥታ ነው ያመጣቻት፤ ከአገባኋት በኋላ! ትልቅ ሴትዮ!» ይሉና ይስቃሉ። በየሳምንቱ ያቺኑ ጠባሳ፣ በየሳምንቱ ያንኑ ማንጎ። ተሰላችቼ አላውቅም። እንዲህ ቁራጭ በቁራጭ ፊቷን ዞረው ሲጨርሱ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይነሳሉ። ለእሳቸው ሚስትን ማየት ማለት ይኼ ነበር፤ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም።

ታዲያ አንድ ሰሞን፣ አረብ አገር ከምትሠራ የቀወት ልጅ መልእክት ደረሰኝ። የአባቷ ፎቶ ድረ ገጹ ላይ እንዳለ ሰምታ ልታየው ብትሞክር አልከፈትላት ብሏል። «እህቴ፣ ፎቶው ከላይ ጀምሮ ነው የሚመጣው፤» ትላለች። «ጥምጣሙ ይመጣል፣ ግንባሩ ይመጣል፣ አፍንጫው ጋ ሲደርስ ካርዴ ያልቃል። አባቴን እስከ አፍንጫው ብቻ ነው ያየሁት።» ሳቄ መጣ። ግን እውነቷን ነው፤ ፎቶዎቹን ስካን ሳደርግ ጥራት ጥራት እያልኩ እያንዳንዳቸውን ተራራ የሚያክሉ አድርጌያቸዋለሁ። ድረ ገጹን የሚያስቀምጥልን ድርጅትም ቦታችሁ ሞልቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ከላከ ሰንብቷል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ኔትወርኩ ሳይጨናነቅ፣ ድረ ገጹን የማስተዳድርበትን ኮንትሮል ፓነል ከፈትኩ። እዚያ ውስጥ የፎቶ መጠን መለወጫ የሚባል አለ። ፎልደሩን ትመርጫለሽ፣ ስንት ፒክስል እንዲሆን እንደምትፈልጊ ትጽፊያለሽ፣ በቃ፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሳንሰዋል። ከሥር አንዲት ትንሽ ሣጥን ነበረች። የቀድሞው ፎቶ ቅጂ ይቀመጥ ወይ? ትላለች። ምልክት ካደረግሽባት ያስቀምጣል። እኔ እቴ! ቦታ ሞልቷል እየተባልኩ ምን አሮጌ አስቀምጣለሁ ብዬ ባዶዋን ተውኳት። ተጫንኩት። አንድ ማንጎ ልጬ በልቼ እጄን ሳልታጠብ አለቀ። ልጅቷም በዚያው ቀን «አባቴ እስከ ጫማው መጣ! እግዜር ይስጥልኝ!» ብላ ጻፈችልኝ። ያን ቀን በራሴ ኮርቼ ዋልኩ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ መልቀሙም ቀረብኝ።

ዓርብ ጋሼ መጡ። እንደ ልማዴ ፎቶዋን ከፍቼ አጎላሁ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። የሴትዮዋ ፊት ወደ ካሬ ካሬ ተበተነ። ግራጫ ካሬ፣ ጥቁር ካሬ፣ ሌላ ምንም የለም። ከሰው መሀል አድርጊያት ብለውኝ አልነበር? ከሰው መሀል ነበረች፤ ከሰው ጋር አብሬ አሳነስኳት። ያን ሁሉ ቁጥር ስጽፍ እሷ እዚያ ውስጥ እንዳለች አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ጋሼ አፍንጫቸውን አስጠግተው ቆዩ። «ወደ ግራ፤» አሉ። ወሰድኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አጠለቁ። «ወደ ታች።» ጠባሳዋ የለችም። ማንጎውን አላነሱም። ቀና አሉና በቀስታ፦

«ዓይኔ ብሶበታል ልጄ፤» አሉኝ። «እሷም ሄደች።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እኔ ግን «ሙቀቱ ነው ጋሼ፣ ዛሬ ሙቀቱ ከፍቷል» አልኩ። ምላሴን ምነው በቆረጠው! ክንዳቸውን ይዤ ባጃጅ ላይ ሳሳፍራቸው መንገዱን እንኳ በዱላቸው እየፈለጉ ነበር፤ ሲመጡ እንዲያ አልነበሩም።

አዲስ አበባ ወዳለው ድርጅት ደወልኩ። ያናገረኝ ሰው ትሑት ነው፣ ምን ልበለው? ድርጅቱ በየሳምንቱ የሁሉንም ቅጂ እንደሚያስቀምጥ፣ አዲሱ ሲቀመጥ ግን አሮጌው እንደሚጠፋ አስረዳኝ። እኔ ካሳነስኩ በኋላ አዲሱ ተቀምጧል። «አንድ ቀን ቀደም ብለው ቢደውሉ ኖሮ...» አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ምስጥ የለም ብዬ ነበር፤ ምስጧ ለካ እኔው ነኝ።

የሚቀጥለው ዓርብ ጋሼ አልመጡም። ባጃጁን የሚነዳው ጎረቤታቸው «ከእንግዲህ ማየት በቃኝ ብለው ቤት ተቀምጠዋል» አለኝ። ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። እውነቱን ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው።

አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከእግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ቦታ መሙላቱን፣ ቁጥሩን፣ ያቺን ባዶ የተውኳትን ሣጥን። «ዓይንዎ አይደለም ጋሼ። እኔ ነኝ ያበላሸኋት።»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። ከዚያ፦

«ዓይኔ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ወላሂ በይ!»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ እኮ ጋሼ።»

«ቢሆንም በይ!»

«ወላሂ!»

ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያሉ እጃቸውን ዓይናቸው ፊት ያወዛውዛሉ። ይቅር ተባልኩ ብዬ መተንፈስ ስጀምር ድንገት ፊታቸው ተለወጠ።

«ፎቶውስ ይቅር። ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ስንቱን ሙሽራ አንገቱን ቆርጫለሁ፣ በካሜራ። ግን ስምንት ቀን ሙሉ አሳወርሽኝ! እያየሽ! ሙቀቱ ነው አልሽኝ!»

እግራቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። «በቃ፣ በቃ። ተነሽና ያንን የብስኩት ቆርቆሮ አውርጂልኝ።»

ቆርቆሮው ምስጥ እንዳይደርስበት ከማገር ላይ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ውስጡ ነጋቲቭ ብቻ ነው። ጣታቸውን አስገብተው ሲዳስሱ ቆዩና ቀይ ክር የታሰረበትን አንዱን አወጡ፤ የመዳፍ እኩሌታ የምታክል ቁራጭ። ከንፈራቸውን አርጥበው ነጋቲቩን ነካ ነካ አደረጉት። «ከንፈር ላይ የሚጣበቀው፣ ምስሉ ያለበት ገጹ ይኼኛው ነው፤ ገልብጠሽ እንዳታነሺው፤» አሉ። ለዚህ ዓይን አያስፈልጋቸውም።

«የማን ነው ጋሼ?»

«የእሷ። ሁለተኛው። አንድ ለጥንቃቄ።»

እንዴት አላሰብኩትም? ሁለት ሳያነሱ የሚለቁት ሰው እንደሌለ ያገሩ ሕፃን ያውቃል።

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን...»

«የተበላሸ ነዋ!» ተቆጡ። «ስትነቃነቅብኝ ነው የያዝኳት። አበላሸሽው ብዬ ጮኼባታለሁ። አሳፍሮኝ ወረቀት ላይ አላወጣሁትም፣ ሰውም አላየውም። መጣልም አልሆነልኝ።»

ይዣቸው ወደ ሱቄ መጣሁ። ነጋቲቩን የመስኮቱ መስታወት ላይ ከነጭ ወረቀት ጋር ለጥፌ፣ የውጪው ፀሐይ እያበራልኝ በስልኬ አነሳሁት። ጋሼ ከኋላዬ «አትነቃነቂ!» ይላሉ። አንስቼ ስጨርስ «አንድ ለጥንቃቄ» አሉኝ፤ ደገምኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁሩን ወደ ነጭ ነጩን ወደ ጥቁር ስገለብጠው ሴትዮዋ ብቅ አለች። ዓይኗ ጭፍን ነው። አንድ እጇ አፏን ሊሸፍን ሲነሳ ደብዝዞ ተይዟል፣ አልደረሰም። ጥርሷ ሁሉ ይታያል።

ጋሼ አፍንጫቸውን አስጠጉ። እኔ ወደ ግራ፣ ወደ ታች እወስዳቸዋለሁ። ጠባሳዋ ጋ ደረሱ። ከንፈሯ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ትስቃለች እንዴ?»

«እየሳቁ ነው፣ ጋሼ። ዓይናቸው እስኪጨፈን።»

«በእኔ ነው የምትስቀው፤» አሉ። «እንደ ደንበኛ አንድ ለጥንቃቄ ብያት ነው። ቤቴ ያለችውን ሴት! እኔ ደግሞ ጮህኩባት።» እጃቸውን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። እኔ ፎቶዋን አልነቀነቅኩም።

በዚያው ቀን ድረ ገጹ ላይ ጫንኳት፤ እንደ ቃላቸው ከሰው መሀል። መጠኗን አልነካሁም። ማሳነስ ካለብኝ ብዬ ከሆቴሎቹ አንዱ ያስነሳቸውን ሰባት የአልጋ ፎቶዎች አሳነስኩ፣ ያቺን ትንሽ ሣጥን ሞልቼ።

አረብ አገር ያለችው ልጅ ቆየት ብላ ጻፈችልኝ። «እህቴ፣ ሁሉም ፈጥኖ ይከፈታል፣ ተባረኪ። ከአባቴ አጠገብ ያለችው አንዲት ሴትዮ ግን ግንባሯ ብቻ መጥቶ ቆመ። ተበላሽታ ነው?»

«አልተበላሸችም፤» ብዬ መለስኩላት። «ታገሺ፣ እየሳቀች ትመጣለች።»