አክስቴ ያጎረሷት ዘይቱን

እኛ ሰፈር፣ ቀራንዮ፣ በሽተኛ ሲጠየቅ ባዶ እጅ አይገባም። የእናቴ ኩላሊት ሥራ ካቆመ ጀምሮ ቤታችን አትክልት ተራ መሰለ። ሙዝ የያዘው ሲወጣ ብርቱካን የያዘው ይገባል። እኔም ተቀብዬ አመሰግንና ጠያቂው ከግቢ ሲወጣ ሁሉንም ለጎረቤት አድላለሁ። ክፉ ተባልኩ፣ ጨካኝ ተባልኩ። ይበሉኝ!

ሐኪሙ ለእኔም ለእሷም እኩል ነው የነገረን። ኩላሊቷ ፖታሲየም የሚባለውን ነገር ከደሟ ማውጣት አቅቶታል፤ ከአንዱ እጥበት እስከሚቀጥለው ድረስ ከበዛባት ልቧን ቀጥ ያደርገዋል። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ፣ ዘይቱን ጨርሶ አይነካም። ለሌላው ሰው ጤና የሚሰጠው ለእሷ መርዝ ነው አለን። ከዚህ በላይ እንዴት ተደርጎ ይነገራል?

እማዬ ገብቷታል። ግን ፍሬ ነፍሷ ነው። ውሃ እንኳ ለክቼ የምሰጣት ሴት፣ የብርቱካን ልጣጭ ሲሸታት ዓይኗን ትጨፍናለች። "እስቲ አንዴ ልምጠጠው" ትለኛለች። "አይሆንም" እላታለሁ። "አንቺማ ከእስር ቤት ዘበኛ ብሰሽ ቁጭ አልሽ" ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አንጀቴ እርር ይላል፣ ፌስታሉን ግን ይዤ እወጣለሁ።

አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ጦር ኃይሎች ከታክሲ ተራው ጀርባ ፍራፍሬ ይሸጣሉ። ስልካቸው ላይ ቪዲዮ ማየት ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ሐኪም ሆነዋል። ዘይቱን ላይ ሲደርሱማ የሚችላቸው የለም። "በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን ያስከነዳዋል!" ይላሉ። ለጉንፋን፣ ለድድ፣ ለቆዳ፣ ለሆድ ድርቀት፣ ቁስል ቶሎ እንዲሽር፤ ዝርዝሩ አያልቅም። የሚያናድደው፣ አብዛኛው እውነት ነው። ልጅ ሆኜ ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ውስጡ ሮዝ የሆነውን እየመረጡ የሚያበሉኝ እሳቸው ነበሩ። ውሸት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ በቀለለኝ።

አንድ ቀን በር ላይ አስቆምኳቸው። "እትዬ፣ ለእሷ አይሆንም። ይገድላታል።"

"ቫይታሚን? ወይ ዘንድሮ! ያንን ሁሉ ኪኒን እያስዋጣችኋት ፍሬ ነው የሚገድላት?"

"ሐኪሙ ነው ያለው።"

"ሐኪምማ ፍሬ በልተሽ ከዳንሽ በምን ይበላል!"

ከዚያ ወዲህ ባዶ እጃቸውን መምጣት ጀመሩ። ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ። እኔ ሞኟ! ለካ ከነጠላቸው ሥር ይዘው እየገቡ፣ ልብስ ላሰጣ ወይ መድኃኒት ቤት ልሄድ ስወጣ እየጠበቁ፣ ልጠው በእጃቸው ያጎርሷት ነበር። "በሞቴ" ተብሎ የተዘረጋ ጉርሻ በእኛ ዘንድ አይመለስም። እማዬ ደግሞ እንኳን ተለምና፣ እያማራት ነው የከረመችው።

አንድ ጠዋት እግሬ አልታዘዝ አለኝ አለች። ወዲያው ደረቷን ያዘች። ተሸክመን ታክሲ ውስጥ አስገባናት፣ አክስቴም ተከተሉን። ሆስፒታል እንደደረስን ሐኪሙ "ምን በልታ ነው?" ብሎ ጮኸብኝ። የሰጠኋትን መቁጠር ስጀምር አክስቴ ከኋላዬ ፊታቸው በርቶ ብቅ አሉ።

"ዘይቱን ነዋ ዶክተር! በየቀኑ በእጄ አጎርሳታለሁ። እኔ ባልኖርላት ምን ይውጣት ነበር?"

ምስጋና ነበር የሚጠብቁት። ሐኪሙ አንዴ እኔን አየኝና ወደ ውስጥ ሮጠ።

በኋላ አስገቡኝ። ትንሽ ነፍስ ዘርታ ነበር። እጇን ያዝኩት፤ ቀስ አድርጋ ከእጄ አወጣችው። "አክስትሽን እንዳትናገሪያት" አለችኝ። "ታምሜ እንደ ሰው ያየችኝ እሷ ብቻ ናት።" ከሰዓት ሞተች። ያን ሁሉ ጊዜ በሕይወት ላቆያት ስታገል ከርሜ፣ የተረፈኝ ቃል ይኸው ነው። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶኝ ልቧን ያቆመው ፖታሲየሙ መሆኑን፣ ያንንም ያመጣው ያ በየቀኑ የበላችው ፍሬ መሆኑን ነገረኝ።

በሠልስቱ ድንኳኑ ጢም ብሏል። አክስቴ ደረታቸውን እየደቁ፣ "ልጅሽ የከለከለችሽን እኔ ያጎረስኩሽ እህቴ!" እያሉ አለቀሱ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከጎኔ አንዷ "ምስኪን፣ ፍሬ እንኳ እንዳማራት!" ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። የሟች ቃል አለብኝ፣ ምን ላድርግ?

ልቅሶው በረድ ሲል አክስቴ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከነጠላቸው ሥር ፌስታል አወጡ። ዘይቱን ነው። "ከሳሽ እኮ ልጄ፣ ደምም የለሽ። በሞቴ፣ አንድ ብቻ ጉረሺልኝ። ለአንቺ ለብቻ መርጬ ነው ያመጣሁት።" ላጡና ወደ አፌ ዘረጉ።

ጎረስኩላቸው። አላምጬ ከነዘሩ ዋጥኩት። ደግሞ ሲጣፍጥ! እናቴ ይህን ስታጣጥም ታየችኝ፣ ያኔ በልቤ የያዝኩት ሁሉ ከአፌ አመለጠኝ። ድምፄን ሳልቀንስ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ሐኪሙ ያለኝን ቃል በቃል ነገርኳቸው።

አክስቴ አልጮሁም። የላጡት ሁለተኛው ዘይቱን እጃቸው ላይ ቀረ፣ ጭማቂው በጣታቸው መሃል ወደ ጥቁር ቀሚሳቸው ይንጠባጠባል።

"እንግዲህ ለማን ልስጠው?" አሉኝ።

"ለጤነኛ ሰው" አልኳቸው። "ቫይታሚን አለው።"