በደረቅ ወራት የገዛነው ቤት

ይህ የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ነገሌ ቦረና ነው። ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

እኔና ባለቤቴ በልብስ ንግድ ያጠራቀምነውን ይዘን ቤት ፍለጋ ወጣን። ሁለት ቤት አየን። አንዱ ገበያው አጠገብ ዳገት ላይ ያለ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። ሌላው ከከተማው ዝቅ ብሎ ሜዳ ላይ የተሠራ አዲስ የብሎኬት ቤት ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ። አብራን የምትኖረው እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ዳገቱ አይሆናትም ብዬ ብሎኬቱን መረጥኩ።

ሻጩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይገባ እንደሆነ በግልጽ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ።

"ልጄ፣ እዚህ አገር ውሃ ቤት የሚገባው በጄሪካን ነው" አሉኝ።

ወራቱ ደረቅ ነበርና እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በልግ ሲገባ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቅ እያለሁ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። እናቴ ቤት ብቻዋን ስለነበረች ሳያባራ ሮጥኩ። ስደርስ ጎርፉ የግቢውን በር ገንጥሎ ሳሎናችን ውስጥ ይንቦጫረቃል። ጎረቤታችን ጫልቱ እናቴን በጀርባዋ አዝላ እያወጣቻት ነበር።

ለእናቴ ልብስ ከቀየርንላት በኋላ ጫልቱ ሁሉንም ነገረችኝ። ቤቱ የተሠራው የጎርፍ መውረጃ ላይ ነው። የሸጡልን ሰውዬም ለቀው የወጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

"ታዲያ ስንገዛ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"የሰው ገበያ ማበላሸት ነውር ነው ብዬ ነዋ፣ እህቴ።"

እናቴን ያዳነችልኝን ሴት ምን ልበላት?

በማግስቱ ሰውየው ቤት ሄድኩ። "ናጋ" ብለው የሰላም ሰላምታ ሰጥተው በእርጋታ ተቀበሉኝ። የሆነውን ስነግራቸው ፊታቸው እንኳን አልተለወጠም።

"ቤት ሸጥኩልሽ እንጂ ዝናብ አልሸጥኩልሽም" አሉኝ።

ሽማግሌ ላክሁባቸው። ሽማግሌዎቹም አይታችሁ ነው የገዛችሁት ብለው እኔኑ ታገሺ አሉኝ።

አሁን ዳገቱ ላይ የጭቃ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። አንድ ደላላ ያንን ቤት ቀለም ቀብተሽ በደረቁ ወራት ሽጪው ይለኛል። እኔ ግን ቤቱን ሊያይ የሚመጣውን ሁሉ ጎርፉ የሚመጣበትን አሳየዋለሁ፤ አይቶ ሳይገዛ ይሄዳል። ባለቤቴ በዚህ ያኮርፈኛል።

እናቴ ደግሞ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ጫማዋን አድርጋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። እዚህ ውሃ አይደርስም ብላት አታምነኝም። እሷን እንዲህ እያየሁ ሰውየውን ይቅር ማለት አልቻልኩም።